የካሴቱ አሴምብለር

አቃቂ በሰቃ ያለችው የኮምፒውተር መጠገኛዬ ውስጥ ነኝ። የክር ፋብሪካ ጡረተኛው ጋሽ ወርቁ በቴሌቪዥን የሚሠራ የጥንት ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ገና አርባቸው አልወጣም።

"አሴምብለር ፈልግልኝ" አሉኝ፤ ፕሮግራም መጻፊያውን ማለታቸው ነው።

ከአሮጌ ዕቃዎቼ መሃል ሁለት ተገኘ። አንዱ እንደተሰካ ይከፈታል፤ ሌላው ከካሴት እየጮኸ ቀስ ብሎ ይጫናል።

"የካሴቱን" አሉ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዕድሜ ይጨርሳል!"

ንቅንቅ አላሉም። እየተነጫነጭኩ ካሴቱን ከተትኩት። መጮኽ ሲጀምር ጥግ የነበረ ባዶ ዱካ ወደ አጠገባቸው ሳብ አደረጉት። ተጭኖ ሲያልቅ አንድም ፊደል ሳይነኩ ኮምፒውተሩን አጠፉት።

"ምነው ጋሼ?"

"ካሴቱ እስኪጫን ድረስ ነበር ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ የምትለው። ሲያልቅ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። በል፣ እንደገና ጫነው።"