ከአውሮፕላን የወረደው ጋሪ ቁልፍ

በደርግ ዘመን አሰላ ዳርቻ በነበረች አንዲት ትንሽ ሆስፒታል የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። የአልጋ እግር እበይዳለሁ፣ ቧንቧ እቀጥላለሁ፣ የተሰበረ ሁሉ ሲመጣልኝ እየተነጫነጭኩ እጠግናለሁ። ብረት የማያውቅ ሰው ብረት ሲነካ ደሜ ይፈላል፤ ይህ ጠባዬ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከእርዳታ ዕቃ ጋር የአሉሚኒየም ጋሪ መጣልን። የሆነ የውጭ አገር አየር መንገድ ለተሳፋሪ ምግብ ሲያድልበት ኖሮ ሲያረጅ የጣለው ነው። ጠባብ፣ ከፍታው እስከ ደረት፣ በትንንሽ ጎማ የሚሄድ፣ በፊትም በኋላም በር ያለው። እኛ አውሮፕላን የምናውቀው ሽቅብ አንጋጠን አይተን ነው። ስለዚህ ሊያየው ያልመጣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለወጉ ጎማውን ዘይት ቀባሁለት።

ሁለት በር ያለው መሆኑ ለእኛ ሲሳይ ነበር። ወጥ ቤታችን ውስጥ ሁለት ወጥ ሠሪዎች ነበሩ፤ አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ ክርስቲያን። ሥጋው በየእምነቱ ይታረዳል፣ በየድስቱ ይሠራል። አስተዳዳሪያችን "ጓዶች፣ ጭቁን ሕዝብ አንድ ነው፤ ድስቱ ለምን ሁለት ሆነ?" እያለ ቢወተውታቸውም ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ሲጨቃጨቁ የሚውሉት ሴቶች በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ልብ ነበሩ። እኔ የጋሪውን መሐል በላሜራ ከፈልኩትና በፊት በር የሙስሊሙ፣ በኋላ በር የክርስቲያኑ ምግብ ይገባ ጀመር።

ችግሩ መንገዱ ነው። ወጥ ቤቱ ከላይ፣ የሕሙማን ክፍሎቹ ከታች፣ መሐሉ ጭንጫ ቁልቁለት። ጋሪው ደግሞ የተሠራው ለምንጣፍ ነው። አንድ ቀን ተላላኪው ከዝናብ ለማምለጥ እየገፋ ሲሮጥ ያረጁት መዝጊያዎች በመንገጫገጩ ዞሩና ሁለቱም በሮች ተበርግደው ሳህኖቹ ጭቃ ላይ ተዘረገፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ሳይለይ የተረፈውን ለቃቅሞ አስገባና ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ታች ወረደ።

ይህን ሁሉ አንድ ሽማግሌ ከበረንዳ ሆነው ያዩ ነበር። ከጎበሳ አካባቢ የመጡ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባቸው ልጃቸው አስተኛቸውና የእርሻ ወቅት ስለሆነ ተመለሰ። ከተማው ውስጥ ምግብ የሚያመላልስላቸው ዘመድ የለም። ሐኪሙ ደግሞ "በልተው ካልጠነከሩ ቀዶ ጥገናውን አይችሉትም" ብሏል። ሽማግሌው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጋሪው የወጣ ምግብ አልነካም አሉ። ዳቦና ሻይ ብቻ። ጉንጫቸው ከቀን ወደ ቀን ሲጎደጉድ ማየት አስጨነቀኝ። አባቴን ከቀበርኩ ብዙ አልቆየሁም ነበርና እንዲህ ያለ ፊት ደግሜ ማየት አልፈለግሁም።

አዲስ መዝጊያ ልሠራ ተነሳሁ። የመጀመሪያው በራሱ ክብደት ከላይ የሚወድቅ መቀርቀሪያ ነበር። ጋሪውን ድንጋይ ሞልቼ ቁልቁል ለቀቅሁት፤ ጎማው እብጠት በመታ ቁጥር መቀርቀሪያው እየዘለለ ተከፈተ። ክብደት ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ። ለሁለተኛው ከተጣለ አልጋ ሞላ አወጣሁ። በሩ ሲገፋ ምላሱን ሞላው ይገፋውና ማረፊያው ውስጥ ይሰካል፤ መያዣውን ካልጎተቱት አይወጣም። እንደገና ለቀቅሁት። ጋሪው ግድግዳ ገጭቶ በጎኑ ወደቀ፤ በሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከደስታዬ ብዛት የወደቀውን ሳላነሳ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

"አባቴ፣ አሁን ቢገለበጥም አይከፈትም። ይብሉ።"

"አይቻለሁ ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ጭንጫው እንደማይከፍተው አይቻለሁ። ግን ያን ቀን በሩን የከፈተው ጭንጫው ቢሆንም ምግቡን የቀላቀለው የሰው እጅ ነው። ብረትህ የሰው እጅ ይከለክላል?"

ወጥቼ የወደቀውን ጋሪ አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ጣቴ እስኪላጥ የሠራሁትን ሰው ያጣጥልብኛል እያልኩ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ መዝጊያ የሠራሁት ለመንገዱ ነው፤ እሳቸው የሚፈሩት መንገዱን አልነበረም።

መያዣዎቹን ቆርጬ ጣልኳቸው። በምትካቸው ለአንዱ በር ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ለሌላው ባለ አራት ማዕዘን የቁልፍ ቀዳዳ አበጀሁ። መዝጋት ማንም ይችላል፤ በሩን ገፋ ሲያደርጉት ራሱ ይቆለፋል። ለመክፈት ግን የየራሱ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ በር አንድ ብቻ ሠራሁ። ወጥ ሠሪዎቹ ምግቡን ጭነው በገዛ እጃቸው ይዘጋሉ፣ ቁልፎቹ ደግሞ ታች በሚበሉት ሰዎች እጅ ይቆያሉ። ባዶው ጋሪ ክፍቱን ይመለሳል። የክርስቲያኑን ቁልፍ እግሩ የተሰበረ አንድ መምህር ያዘ። የሙስሊሙን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ጋሪው ሲደርስ ግድግዳ ተደግፈው መጡ። ቁልፉን አገላብጠው አዩት፣ "ቢስሚላህ" አሉና አዞሩት። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው በሉ። እኔ ደስታዬን የምደብቅበት አጥቼ ተላላኪውን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት።

እየበሉ ሰውነታቸው ተመለሰ፤ ሐኪሙም የቀዶ ጥገናውን ቀን ቆረጠላቸው። በቀኑ ጠዋት አስጠሩኝና ቁልፉን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

"እስክመለስ አንተ ክፈትላቸው።"

"አባቴ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሙስሊም እያለ?"

"እነሱ ይርባቸዋል። የራበው ሰው ይቸኩላል። አንተ ግን ከዚህ በር አትበላም፤ የሚያስቸኩልህ የለም።"

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጋሪው ፊት ስቆም ሁሉም የሚያዩት እጄን ነው። እምቢ ቢሉኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ የፈራሁት ለራሴ ሳይሆን እሳቸው ሲነቁ ምን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። ቁልፉን አዞርኩና ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ሳህኑን አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌው ሲነቁ አጠገባቸው ነበርኩ። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ድምፃቸው አይሰማም፤ ጎንበስ አልኩ። ስለ ቁስላቸው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

"ሰዎቹ በሉ ወይ?" አሉኝ።

"በሉ አባቴ።"

ቁልፉን ላስረክባቸው መዳፌን ዘረጋሁ። በደከሙ ጣቶቻቸው ጣቶቼን መልሰው ቁልፉ ላይ አጠፉልኝ።

"አንተው ዘንድ ይቆይ" አሉኝ። "ነገም ምሳ አለ።"