በጉድጓዱ ውስጥ የሰማሁት

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ።

አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሳለሁ ፈረንሳይኛው ሰለቸኝና ትምህርት ይቅርብኝ አልኩ። አዳማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የነበረው አባቴ አልተቆጣም። «ክረምቱን በጉልበትህ ሥራና እየው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ። እዚያው አዳማ አንድ የውጭ አገር ሰው መጋዘን ያሠራ ነበርና ከቀን ሠራተኞቹ ጋር መሠረት ቆፋሪ ሆኜ ገባሁ። ወዲያው መዳፌ ተላጠ። አብሮኝ የሚቆፍረው ቱፋ የሚባል የአርሲ ሰው የአካፋ አያያዝ አሳየኝ፤ ቂጣውንም አካፈለኝ።

አሠሪውና ረዳቱ የሚነጋገሩት በፈረንሳይኛ ነበር። ቋንቋውን እንደማውቅ ለማንም አልተናገርኩም። ሰው የሚሰማው የሌለ ሲመስለው ምን ይላል? ይህን ለማወቅ እጓጓ ነበር። ስለ እኛ፣ ስለ ምሳቸው፣ ስለ ሚስቶቻቸው ሲያወሩ አፈር እየዛቅሁ ጆሮዬን ጣል አደርግ ነበር። የተማርኩት ነገር እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ረዳቱ የጉድጓዱን ግድግዳ አየና «በዚህ በኩል ይናዳል» አለ። አሠሪው «ነገ እንጨት እናስደግፈዋለን፤ ዛሬ ሥራው አይቁም» ብሎ መለሰለት።

ሰማሁ። እኔ ብቻ ሰማሁ። ከዚያስ ምን አደረግሁ? አካፋዬን ይዤ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ቱፋን ና አላልኩትም። ለምን? ብናገር ከየት አወቅህ ይሉኛል፣ ጨዋታዬም ያበቃል ብዬ። ደግሞም በእርግጥ ይናድ እንደሆነ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ይህችኛዋን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል።

ከቀትር በፊት ተናደ። ቱፋን ከነነፍሱ አወጣነው፤ ቀኝ እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልቀናም።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ተማሪ ቤት ተመለስኩ። አባቴ «የትምህርት ጥቅም ገባህ?» ሲለኝ አዎ አልኩ። ድካሙ ያስተማረኝ መስሎት ደስ አለው።

በዓመቱ ቱፋን ገበያ አገኘሁት። በምርኩዝ ይሄዳል። ፈረንሳይኛ እንደምማር ከሰው ሰምቶ ኖሯል።

«ያን ቀን አሠሪውና ረዳቱ ግድግዳውን እያዩ ሲያወሩ ነበር» አለኝ። «ይናዳል ማለት በነሱ አፍ ምንድን ነው? ሌላ ጊዜ ሲሉ እንድሰማው።»

ነገርኩት። ምላሱ እስኪለምደው ደጋገመው፤ ሲሳሳትም አረምኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ሰምቼ እንደነበር ግን አልነገርኩትም። ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። ቋንቋውን አውቅ ነበር።