ሁለት ስልክ፣ አንድ ጋለሪ

ቀለም ቀቢው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ምሳውን ብቻውን ነው የሚበላው። ሌሎቹ ሠራተኞች በረንዳው ላይ ሲሰበሰቡ እሱ መሰላሉ ሥር ይቀመጥና ጣቶቹን በሱሪው ጠርጎ ስልኩን ይከፍታል። በታመመችበት ዓመት ያነሳቸውን ፎቶዎች እያሳለፈ ያያል። ሌላ ነገር አያይም።

አንድ ቀን የፎቶዎቹ ቁጥር የቀነሰ መሰለው። በማግስቱ መስኮት ዳር ሆና ብርቱካን የምትልጥበትን ፈለገ፤ የለም። ስልኩን ማንም አልነካም። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ እንደነከረው ትቶ ወደ ስልክ ጠጋኙ ሄደ።

ጠጋኙ ከሁሉ አስቀድሞ ኢንተርኔቱን ዘጋው። «የቀሩት እንዳይከተሉ ነው» አለ።

«ምን ሆኖ ነው? ሚሞሪው ተበላሸ?»

«ስልክህ ደህና ነው። እንዲያውም ካንተ ይሻላል፤ ከስተሃል። በዚህ አካውንት የተከፈተ ሌላ ስልክ አለ?»

«የለም።» ወዲያው ግን ትዝ አለውና፣ «የሚስቴ ነበረ። ለእህቷ ሰጥቻታለሁ» አለ።

«አካውንቱን ሳታወጣው?»

«ፎቶዋ ያለው እዚያ ላይ አይደል? እንዴት አወጣዋለሁ?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀስ ብለን ብናየው ደግሞ እጅግ የሚገርም አሠራር ነው። ብዙዎቻችን ክላውድ ሲባል ትርፍ ቅጂ የሚቀመጥበት መጋዘን ይመስለናል። ስልኩን ከአካውንቱ ጋር የሚያመሳስለው ሲንክ ከተከፈተ ግን ዋናው ፎቶ የሚኖረው ሩቅ ባለ የኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስልኩ ቦታ ለመቆጠብ የራሱን ቅጂ ያጠፋና ትንሽ ምስል ብቻ ያስቀራል። በአንድ አካውንት የተከፈቱ ስልኮች ሁሉ የሚያሳዩት ያንኑ አንድ ስብስብ ነው። እሱ ያነሳው ፎቶ ወዲያው ሚስቱ ስልክ ላይ ብቅ ይል የነበረው ለዚህ ነው። ውበቱም ጉዱም እዚሁ ነው፤ መጨመር እንደሚተላለፍ ሁሉ ማጥፋትም ይተላለፋል። የጠፋው ፎቶ ለጊዜው መጣያ ውስጥ ይቆያል። መጣያው ከተራገፈ ግን አለቀለት።

የሚስቱ ታናሽ እህት ልብስ አጣቢ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። እንፋሎት መሀል ቆማ ስትተኩስ አገኛት።

«ሚጣ፣ ፎቶዎቹን እያጠፋሽ ነው?» ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው።

ካውያውን አቆመች። «የታመመችባቸውን ብቻ ነው፣ ጋሼ። ስልኩን በከፈትኩ ቁጥር ያ ፊቷ ይመጣብኛል። ጤነኛ ሆና የተነሳቻቸውን አልነካሁም።»

«አንድ ቃል እንኳ ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ጋ ያለ መስሎኝ ነዋ። እኔ ባጠፋው ጋሼ ጋ አለ ብዬ።»

«መጣያውንስ?»

«ሚሞሪ ሞላ ሲለኝ አራገፍኩት።»

ስልኳን ተቀብሎ ጠጋኙ እንዳሳየው መጣያውን ከፈተ። ካራገፈችው በኋላ ያጠፋቻቸው ጥቂቶች ነበሩ። ስታጠፋ የነበረው ከመጀመሪያው እየተነሳች ስለሆነ የተረፉት የመጨረሻዎቹ ቀናት ናቸው። አብዛኞቹ ላይ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍናለች። ፎቶዎቹን ከመመለሱ በፊት ቀና አለ።

«ከመለስኳቸው አንቺም ጋ ይመለሳሉ። ጠጋኙ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጦልኝ አካውንታችንን እስኪለየው ድረስ ነው።»

«መልሳቸው» አለች።

ፎቶዎቹ አንድ ባንድ ሲደረደሩ አየችና የስልኩን መስታወት ወደ ታች አድርጋ ደፋችው። ከዚያ ወደምትተኩሰው ሸሚዝ ተመለሰች። እሱ አልሄደም።

«ስታጠፊያቸው አይተሻቸዋል?»

«አንድ ባንድ።»

«እንግዲያው መጨረሻ ያየሻቸው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ። መጀመሪያ ያጠፋሽው የቱን ነው?»

እጅጌውን ዘረጋች፤ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። «ራሷን ተላጭታ አንተ ስትቀባ የምታደርገውን የወረቀት ቆብ ያጠለቀችበት። እየሳቀች ነው።»

ያ ፎቶ መጥፋቱን አላወቀም ነበር። ስልኩን ለመክፈት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ ተወው።

«ወዴት ነው የምታየው?»

«ወዳንተ ነዋ። አንገቷን ወዲህ ዘንበል አድርጋ...» አለች ሚጣ፤ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ቀቢው የልብስ ቅርጫት ደፍቶ ተቀመጠበትና ቀሪውን እስክትነግረው ጠበቃት።