ሎሚ ፍለጋ ወደ ዘጌ

የሎሚ ቅጠል በጣት ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ነው ሁሉንም የመለሰብኝ። የምጦራቸው አሮጊት ሐኪማቸው ሙቀት ያስፈልግዎታል ብሏቸው ወደ አንድ ሞቃት ደሴት ይዘውኝ ሄደው ነበር። ከማረፊያችን ዝቅ ብሎ ገበሬዎች ያመረቱትን የሚሸጡበት ገበያ አለ። ሙዝ፣ ዝንጅብል፣ ስሙን የማላውቀው እሾሃም ፍሬ። አንዲት ሴት ሎሚ ከነቅጠሉ በመደብ በመደብ ደርድራለች። አንዱን ቅጠል አሸት አድርጌ አሸተትሁት፤ እዚያው መደቡ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። አሮጊቷ "አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልሁ። ለእሳቸው ምን ብዬ ላስረዳ? ላንቺ ላገሬ ልጅ ግን ልንገርሽ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። ወንድሜ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው የውትድርናው አፈሳ ባሕር ዳርን ቤት ለቤት ያስሳት ጀመር። እናቴ አንድ ማለዳ ወንድሜን ይዛ ወጥታ ብቻዋን ተመለሰች። ለአባታችን አጎት፣ ለመነኩሴው፣ አስረክባው ነበር። የተደበቀው ጣና ላይ፣ ሴት በማትረግጠው ደሴት ገዳም ነው። እዚያ ወታደሩ አያገኘውም፤ እናቱም አታገኘውም።

ገዳሙ ግን እህል ያስፈልገዋል። ዘጌ ደግሞ አይታረስም፤ በሬ አይገባበትም፤ ጌሾውም ሎሚውም ከውጭ በሚመጣ እህል ይለወጣል። ስለዚህ በገበያ ቀን የገዳሙ ረድኦች፣ መነኮሳቱን የሚያገለግሉት ወጣቶች፣ ወንድሜም ከእነሱ ጋር፣ ሎሚያቸውን በታንኳ ጭነው ወደ ዘጌ ወደብ ይመጣሉ። እናቴ ይህን በሰማች ሳምንት ጤፍ በአቁማዳ ቋጥራ ሎሚ ነጋዴ ሆነች።

የምንሄደው በደንገል ታንኳ ነበር። ውኃው በደንገሉ መሀል እየሰረገ ቀሚሳችንን ያርሰዋል። እናቴ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ ቀዛፊው ያፏጫል። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ በአንድ ወገን ከየብሱ የተያያዘ ነው። ለእኔ ግን በውኃ ስለደረስሁበት ደሴት ነበር። ከዛፎቹ ሥር ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ እርጥብ ቅጠልና ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጌሾ ይሸታል።

"ስሙን እንዳትጠሪ" ትለኛለች እናቴ ከመውረዳችን በፊት። "ወንድሜ እንዳትይ። ገበያ ጆሮ አለው።" እሷ ራሷ ቀና ብላ አታየውም ነበር፤ ካየሁት እንባዬ ያጋልጠኛል ትላለች። ዓይኗን ሎሚው ላይ ተክላ ትከራከረዋለች፤ ድምፁን ለመስማት። ፊቱን የማየው እኔ ነበርሁ። ልጅ አፍጥጣ ብታይ ማን ይጠረጥራታል? ስንመለስ ታንኳው ላይ ያየሁትን ሁሉ እነግራታለሁ።

አሁን በምኖርበት አገር ዋጋው ሎሚው ላይ ተለጥፎ ነው የሚሸጠው፤ ገዢና ሻጭ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይለያያሉ። እናቴ ብታየው ታዝን ነበር።

ወንድሜን ያየንበት የመጨረሻው ገበያ ጥምቀት ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ነበር። ወንድሜ ቢጫ ሸማውን ተከናንቦ ከሎሚው ኋላ ተቀምጧል።

"ይህንን ሎሚም እንደናንተ ጾም አድርቆታል" አለች እናቴ፣ ጎንበስ ብላ እያገላበጠች።

"የእርስዎም ጤፍ ግማሹ አፈር ነው" አላት። ቤት ውስጥ አንቺ ነበር የሚላት። "ዘጌ አይታረስም ሲሉዎት መሬቱን ይዘው መጡ?"

ጌሾ ሻጮቹ ሳቁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች፤ እሷም ሳቋን መደበቋ ነበር።

"በል መርቅልኝ።"

"አይመረቅም፤ የገዳም ንብረት ነው።"

"አንዲት ሎሚ ብትጨምር አበምኔቱ ይገዝቱሃል?"

"የሚገዝቱትስ እርስዎን ነው። ገዳሙን ሊያራቁቱት ነው የመጡት።"

ሌላው ገዢ ተስማምቶ ይሄዳል፤ የእኛ ክርክር አያልቅም። እንደዚያ ቀን ተራዝሞ አያውቅም። በመጨረሻ አንዷ ጌሾ ሻጭ፣ "ኧረ ይቺ ሴትዮ ሎሚ ልትገዛ ነው ልጅ ልትድር?" ብላ ጮኸች። ሰዉ እየሳቀ ከበበን። ሳቁን ሰምቶ ጠብመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ መጣ።

"ምንድን ነው ንትርኩ?"

"ሎሚ ነው፣ ጌታዬ" አለች ጌሾ ሻጯ። "ሴትዮዋ አልለቅ ብላ ነው።"

ሰውዬው ሎሚውን አላየም፤ የወንድሜን ትከሻ አየ። "አንተ፣ ዕድሜህ ስንት ነው? የማን ልጅ ነህ?" ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ወደ እናቴ ዞሮ ፈገግ አለ። "ወይስ ያንቺ ነው? እንዲህ የሙጥኝ ያልሽው።"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨበጥሁ። እናቴ ገበያ ላይ እንኳ አትዋሽም ነበር። ልጄ ነው ብትል ከዚያው ወደ ማሠልጠኛ ይወስዱታል፤ አይደለም ብትል የወለደችውን መካዷ ነው። የአቁማዳዋን አፍ ፈታች።

"ለእመብርሃን የተሰጠ ልጅ ነው" አለች። "ለእሷ የሰጡትን መልሶ የሚጠይቅ ማን አለ?"

ጤፉን እስከ መጨረሻው በወንድሜ ስልቻ ውስጥ ገለበጠችው። "ይህም ለገዳሙ ይሁን። በል ተነሣ፣ ታንኳህ ጥሎህ እንዳይሄድ።"

ሰዉ "እመብርሃን ትቀበልሽ" እያለ መረቃት። ሰውዬው በዚያ ሁሉ ምርቃት መሀል የገዳም ልጅ መያዙን አልደፈረውም መሰለኝ፤ "ይኸው ንትርኩ በረደላት!" ብሎ ጠብመንጃውን አስተካክሎ ሄደ። ወንድሜ ስልቻውን ተሸክሞ ወደ ውኃው ወረደ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ባዶውን አቁማዳ ታጥፍ ነበር። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጠፈችው።

በሚቀጥለው ገበያ ሎሚውን ያመጣው ሌላ ረድእ ነበር። መነኩሴው የአባታችን አጎት ፈርተው ወንድሜን ወደ ሩቅ የቆላ ገዳም ልከውት ኖሯል። ቆይቶ መመንኮሱን ሰማን። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጎረቤቶች "አሁንማ ማን ይነካዋል? አስመጪው እንጂ" ሲሏት፣ እናቴ "ሰጥቻለሁ" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። እኔ ባሕር ተሻግሬ ሳለሁ አረፈች፣ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማርና።

ጤፉን በሰጠችበት በዚያ ቀን ስንመለስ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። እናቴ ውዳሴ ማርያሙንም አልደገመችም። የባሕር ዳር ዛፎች መታየት ሲጀምሩ፣ "በይ እንጂ፣ ንገሪኝ" አለችኝ።

"ጢሙ ወጥቷል" አልኋት።

"ብዙ?"

"አገጩ ላይ ብቻ።"

"ከስቷል?"

"ትንሽ።"

ወደ ውኃው ዞረች። ከዚያ፣ "እኔንስ አየኝ?" አለች።

"አንቺ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር አንቺን ነበር የሚያየው፣ እማ።"

እጇን ከውኃው ነክራ ፊቷን አበሰች።

"እንደገና ንገሪኝ" አለች። "ከጢሙ ጀምሪ።"