የሚጣን ትንፋሽ ስጠብቅ

ልጅ ሳለሁ፣ በየቤቱ ተረት ከእሳት ዳር ሲወራ፣ በእኛ ቤት የሚወራው ጭስ በሌለበት ነበር። እናቴ እህቴን በሰባት ወሯ ወልዳ፣ ሆስፒታል ሳምንታት ከርመው ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው የኪራይ ቤታችን ሲመለሱ፣ የከሰል ምድጃው ወደ ጓሮ ወጣ። ሳንባዋ ገና ስላልጠና ጭስ እንዳይነካት ተብለን ነበር። ክርስትና እስክትነሳ ሚጣ እንላታለን፤ ብትመዘን ከአንድ ጥቅል ጎመን አትበልጥም። ነርሶቹ ከብርድ ልብስ ይልቅ የሰው ገላ እንደሚያሞቃት ስላስተማሩን፣ ሌሊቱን ስታጠባ ያደረችው እናቴ ከሰዓት በኋላ ስትተኛ፣ ባዶ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጋቢ የሚደርቡባት የእናቴ አባት፣ አባባ ነበሩ።

አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከሽመና ማሽን ፊት ቆመው ነው፤ ጆሯቸው ደንቁሮ ነበር። በዚያ ጩኸት መሀል ግን የሰው ከንፈር አይተው ወሬ መረዳት ለምደዋል። የእኔንማ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ድምፅ ሳላወጣ ባወራቸው እንኳ አንዲት ቃል አያመልጣቸውም። የሚጣን ትንፋሽ ግን ሊሰሙ አይችሉም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ትንፋሹ ድንገት ሊቆም ስለሚችል፣ ያኔ ፈጥናችሁ ውስጥ እግሯን ነካ ነካ አድርጉት ተብለናል። ስለዚህ በዘጠኝ ዓመቴ ሥራ ተሰጠኝ፤ ከአባባ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጬ የሚጣን አፍንጫ ማየት።

እንዳልሰለች ተረት ያወሩልኛል። ተረት በቀን አይወራም ስላቸው፣ «ለሚጣ እኮ ገና አልነጋላትም» ይሉኛል።

አንድ ቀን የጉማሬውን ተረት ጀመሩ። ደንገል መብላት የለመደ ጉማሬ ከደንገል የተሠራ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ በላ። ሰውየው ቢከሰው፣ ዳኛው አዲስ ታንኳ እስኪሠራ ድረስ በጀርባህ አመላልሰው ብሎ ፈረደበት። አባባ ጉማሬው ሰውየውን ተሸክሞ ጣና መሀል ሲደርስ እንዴት እንዳዛጋ አፋቸውን ከፍተው ሲያሳዩኝ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ምን ያህል እንደሳቅሁ አላውቅም። ዓይኔን ወደ ሚጣ ስመልስ ከንፈሯ በልዟል፤ አፍንጫዋም አይንቀሳቀስም።

ጮህሁ፤ አባባ ግን አልሰሙኝም። ዘልዬ እግሯን ያዝሁና ውስጡን ደጋግሜ መታ መታ አደረግሁት። ከብዙ ቆይታ በኋላ እንደ ማስነጠስ ብላ ተነፈሰች። አባባ የሆነው ገብቷቸው ሚጣን ደረታቸው ላይ አጥብቀው አቀፏት።

«እናትሽ እንዳትሰማ፤ ወተቷ ይደርቃል» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ «ሐኪም ከጠየቀን ግን አንዋሽም፤ እናገራለሁ» አሉ።

በሳምንቱ ሚጣ ስትስል ተያይዘን ክሊኒክ ሄድን። አፏን በማስክ የሸፈነች ዶክተር ደረቷን አዳመጠችና «ቤት ውስጥ ትንፋሿ ተቋርጦ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ አያውቅም» አለች እናቴ፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

አባባ ዓይናቸው ዶክተሯ ላይ ስለነበር የእናቴን መልስ አላዩም፤ ከማስኩ ሥር ከንፈር ማየት ስላልቻሉ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ጠየቁኝ። እውነቱ ከወጣ እናቴ ስስቅ እንደነበር ታውቃለች ብዬ ፈራሁ። ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ «ጡት ትጠባለች ወይ ነው የምትለው» አልኋቸው። አባባ ዶክተሯን አይተው አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እሷም የእናቴን ቃል ማረጋገጣቸው መስሏት ሽሮፕ ጻፈችልን፤ ከባሰባት ቶሎ አምጧት ብላ አሰናበተችን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚጣ እናቴ ክንድ ላይ አረፈች። ለጨቅላ ድንኳን አይጣልም፤ ጥቂት ጎረቤቶች መጥተው ተቀመጡ። አባባ ግድግዳ ተደግፈው ቆይተው ወደ አጠገባቸው ጠሩኝ።

«ምነው ያች ሐኪም ያን ነገር ሳትጠይቀን ቀረች?» አሉኝ። «ብትጠይቀን ኖሮ እኮ እናገር ነበር።» ከዚያም መልሴን ለማንበብ ከንፈሬን ትኩር ብለው አዩ። ነጠላዬን ስቤ አፌን ሸፈንሁ።

ተናግረን ቢሆን ትተርፍ እንደነበር አላውቅም። አባባ ከዚያ ወዲያ ተረት አውርተውልኝ አያውቁም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ ሐኪሟን እንደታዘቧት ከዓመታት በፊት ሞቱ። ዛሬም ሰው ፊቴን አተኩሮ ሲያየኝ እጄ ሳላዝዘው ወደ አፌ ይሄዳል። ባሌ «ጥርስሽ ደህና፣ ምን ትሸፍኚዋለሽ?» እያለ ይቀልድብኛል፤ እኔም ልማድ ነው እለዋለሁ።