ድርጅቱ ሲሸጥ የጠፉት ምልክቶቼ

መተማ ውስጥ ፊደል መሣል የሚያውቅ ሰው እኔ ነበርኩ። ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ከሸሕዲ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ የሱቁን፣ የመድኃኒት ቤቱንና የወፍጮ ቤቱን ማስታወቂያ በአማርኛም በዐረብኛም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ብሩሹን በራሴ ለመድኩ፤ ኮምፒውተሩንም ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ በራሴ ለመድኩ።

ከሁሉ የምኮራው በጆንያ ምልክቶቼ ነበር። እዚህ ቆላ የሰሊጥ ነጋዴ ሁሉ ቅርጹ በተቆረጠበት ቆርቆሮ ጆንያው ላይ የሚታተም የራሱ ምልክት አለው። ከጫኝና አውራጆቹ ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ጆንያውን የሚለዩት በምልክቱ ነው። የአንዱ ቀንዳም በሬ ነው፤ የሌላው ሦስት እግሯን ከፍታ የቆመች «ሐ»። ሁሉንም እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው።

የምሠራበት የሥዕል ፕሮግራም ውጭ አገር ያሉ ጥቂት ሰዎች የሠሩት ነበር። የአማርኛ ፊደል ሲያበላሽብኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው፤ እኔ ባልኩት መሠረት አስተካከሉት። ይህን ለስንቱ አውርቻለሁ! በኋላ አንድ ትልቅ ድርጅት ገዛቸው። ዜናውን ሳነብ ደስ አለኝ። በሬ ቢሸጥ ጌታው ይቀየራል እንጂ እርሻው ይቀራል ብዬ አላሰብኩም።

በዚያው ሰሞን የወረቀት ሥራዎቼን በሙሉ ስካን አድርጌ በኢንተርኔት እነሱ ዘንድ አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ግቢዬ ውስጥ አቃጠልኩት። ጎረቤቴ መምህሩ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ለማስታወሻ እንኳ ይተዉት እንጂ!»

«እዚህ አገር ወረቀት የምስጥ ቀለብ ነው» አልኩት። «የእኔ ሥራ አሁን ምስጥ የማይደርስበት ቦታ ነው ያለው። አንተ ደብተርህን ጠብቅ።»

ከዚያ ኔትወርክ ለወራት ጠፋ። ሲመለስ ሦስት ኢሜይሎች ተደርድረው ጠበቁኝ። አንደኛው ፕሮግራሙ ሊዘጋ ነው ይላል። ሁለተኛው ሥራዎን እስከዚህ ቀን ድረስ ይውሰዱ ይላል። ሦስተኛው አብረውን ስለቆዩ እናመሰግናለን ይላል። ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ መምህሩን አስነበብኩት። አንብቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ስለ ምስጡ ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀድሞዎቹ ሰዎች ጻፍኩ፤ አድራሻው የለም ተብሎ ደብዳቤዬ ተመለሰ። ለገዢው ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ ማሽን ነው።

ሰሊጥ ሲደርስ የግመል ምልክት ያወጣሁላቸው ሐጂ መጡ።

«አያ፣ የማተሚያው ቆርቆሮ ተሰንጥቋል። ከኮምፒውተርዎ ያውጡልኝ፤ ለእርስዎ አንድ ደቂቃ ነው።»

«ጠፍቷል፣ ሐጂ።»

«ኮምፒውተር እንደ እኔ የሚታዘዝለት የለም ሲሉ አልነበር?»

«በእጄ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ሦስት ቀን ሠራሁ። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ኮምፒውተሩ ደብቆልኝ ኖሯል። ቆርቆሮውን ቆርጬ ወሰድኩላቸው። የመጀመሪያው ጆንያ እንደታተመ አንዱ ጫኝ ጮኸ፤ «ሐጂ፣ ዶሮ መነገድ ጀመሩ እንዴ?» ሁሉም ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም። «ተማም ነው፣ ይሁን» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከሰዓት በኋላ ከጆንያዎቻቸው ግማሹ የሌላ ነጋዴ ክምር ውስጥ ተደርድሮ ተገኘ።

ሐጂ በሳምንቱ ከጎንደር አዲስ ቆርቆሮ አስመጡ። እኔም ክምሩ አጠገብ ቆሜ አየሁት። ግመሏ ፈገግ ብላለች፤ አንገቷ ወፍራም ነው፤ የሠራት ሰው ግመል አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ይህንኑ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጫኞቹ ግን ጆንያውን ገና ከሩቅ እያዩ «የሐጂ ነው፣ ወዲህ!» ይባባሉ ነበር። አንድም አልተሳሳቱም።