ዘይዳና የሞጣው ሰርቨር

ዘይዳ ሙሐመድሸሪፍ ሞጣ ተወልዳ ሞጣ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጅ ሳለች ሱቅ ያስቀምጧት ነበር። ታዲያ ገዢ መጥቶ ቀንሽልኝ ሲላት አንገቷን ደፍታ «እሺ» ትላለች። ሌላው መጥቶ ጨምረሽ ቀንሺ ሲላትም «እሺ»። አባቷ ሳቅም ንዴትም ይዟቸው፣ «አንች ልጅ፣ እንዲህ ከሆነማ ሱቁን ከነመደርደሪያው ትሸኝዋለሽ» አሏት አንድ ቀን።

እሷም የሰው ፊት ከማይ ማሽን ፊት ብቀመጥ ይሻለኛል ብላ ኮምፒውተር ተማረች። ማሽን አይከራከርም፣ ዓይን ዓይን አያይም። ትምህርቷን እንደጨረሰች ዶክተር ቢያድግልኝ ሞጣ በከፈቱት ክሊኒክ ተቀጠረች። ዶክተር ሁለት ክሊኒክ ነበራቸው። ትልቁ እሳቸው የሚኖሩበት ቢቸና፣ ትንሹ ሞጣ።

በሁለቱም የበሽተኛ ካርድ የሚቀመጠው በኮምፒውተር ነው። ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሰርቨር የሚሉት ማሽን አለ። ካርድ ክፍሉም፣ ላቦራቶሪውም፣ መድኃኒት ክፍሉም ከሱ ነው የሚያዩት። እሱ ከቆመ ሁሉም ቆመ ማለት ነው።

ይህ ሰርቨር የሚሠራውን ሁሉ እየጻፈ ያስቀምጣል። ማን ገባ፣ የማን ካርድ ተከፈተ፣ ምን ተበላሸ። ጽሑፉ ሎግ ይባላል። መጻፉ ደግ ነበር፣ ግን ዝም ካሉት እያደገ እያደገ የማሽኑን ቦታ ሁሉ ይይዘዋል። ለዚያ ሲባል ማሽኑን የተከለው የባሕር ዳር ባለሙያ አንድ ነገር አዝዞት ሄዷል። በየሳምንቱ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ የሞላውን ፋይል ራሱ ይዘጋና አዲስ ይከፍታል፣ በጣም የቆየውን ደግሞ ይጥላል።

የቢቸናው እንደታዘዘው ይሠራል። የሞጣው ግን እምቢ አለ።

መጀመሪያ የቆመ ጊዜ የካርድ ክፍሏ ይርጋነሽ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ዘይድዬ፣ ማሽንሽ ጠገበ መሰለኝ፣ ካርድ ብሰጠው አልቀበልም አለኝ!» አለች። በሽተኛው ሁሉ ሳቀ። ዘይዳ ፊቷ ቀላ። ገብታ ብታይ እውነትም ቦታው ሞልቷል። የቆየውን ሎግ በእጇ እየመረጠች አጠፋችና ማሽኑ ተነሣ። ጥቂት ሰነበተና እንደገና ሞላ። እንደገና አጠፋች።

ሦስተኛው ግን ከፋ። የገበያ ቀን ነበር፣ ክሊኒኩ ጢም ብሏል። ፈንታነሽ የምትባል እናት ትኩሳት ያለበት ልጇን ታቅፋ መጣች። ልጁ ከዚያ በፊት አንድ መድኃኒት ተሰጥቶት ፊቱ አብጦ ነበር። የትኛው መድኃኒት እንደሆነ እናቲቱ አታውቅም፣ የተጻፈው ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ደግሞ አልከፈት አለ። ነርሷ መርፌውን ይዛ ቆመች። ዘይዳ ፋይል እስክታጠፋ ድረስ ልጁ እያለቀሰ ጠበቀ። ኋላ ካርዱ ተከፈተ፣ ልጁም ደኅና ሆነ። ግን ወሬው ዶክተር ጆሮ ደረሰ።

ዶክተር ስልክ ደወሉ። «ስሚ ዘይዳ፣ ሰው ሕይወት ላይ አልቀልድም። ያ ማሽን አንድ ጊዜ ብቻ ይቁምና ነቅዬ ወደ ቢቸና እወስደዋለሁ። ሞጣ በወረቀት ይሠራል። አንችም ያኔ ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ።»

«እሺ» አለች ዘይዳ። ስልኩን ስታስቀምጥ የታያት የአባቷ ሱቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም የላት። ትእዛዙን መስመር በመስመር አነበበችው፣ ስሕተት የለበትም። በእጇ አስነሥታ ብትሞክረው ወዲያው ፋይሉን ዘግቶ አዲስ ከፈተ። እሷ ስታዘው ይሠራል፣ ለብቻው ሲሆን አይሠራም። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ያው አሮጌው ፋይል ወፍሮ ይጠብቃታል። በየሳምንቱ በእጇ እያስነሣች እንዳትኖር፣ አንድ ቀን ብትረሳ ወይም ብትታመም ይቆማል።

የቢቸናውን ማሽን የሚይዘው ምናለ የሚባል ጎልማሳ ነው። ልትደውልለት አስባ ስልኩን አንሥታ ታስቀምጣለች። ምን ይለኛል፣ ይህንንም አታውቅም ይለኛል እያለች። በመጨረሻ ይርጋነሽ ስልኩን ከእጇ ቀምታ ራሷ ደወለችና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችላት።

ምናለ ሳቀ። «ነይና እይው እንጂ! በስልክ በሽተኛም አይታይ፣ ማሽንም አይታይ።»

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍራ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና ገባች። ምናለ ወንበር ሰጣት፣ ሁለቱን ትእዛዝ ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ። ፊደል በፊደል አንድ ነው።

«እንግዲህ ልዩነቱ እኔ ነኝ» አለ ምናለ። «መልክ አይቶ ነው የሚታዘዝ።»

ዘይዳ ሳትወድ ሳቀች። ግን ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ ባዶ እጇን ልትመለስ ነው።

ምሽት ላይ መውጫ ሰዓት ሆነ። ምናለ ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ። ሰርቨሩ እንደበራ ነው። ረሳው አለች በሆዷ። ልንገረው ብትል አፈረች፣ የእንግዳ ተቆጪ መሆን ነው። ስለዚህ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሞጣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ መጀመሪያ ሰርቨሩን በወጉ አጥፍታ ኋላ በሩ አጠገብ ያለውን ቆጣሪ ልትዘጋ ተመለሰች። ጎረቤት ያለ ቤት በኤሌክትሪክ ከተቃጠለ ወዲህ ዶክተር ለሁለቱም ክሊኒክ ያወጡት ደንብ ነው። ማታ ስትወጡ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ። ዘይዳ ይህን ደንብ አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም።

ገና ምንም ሳታጠፋ፣ ቆጣሪው አጠገብ ስትደርስ ከኋላዋ፣ «እንዳትነኪው ልጄ! ከዘጋሽብኝማ አለቀልኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ዘበኛው ጋሽ ፋንታ ናቸው። ሽማግሌው ሁለት እጃቸው ሙሉ ሞባይል ታቅፈዋል። አንዳንዱ በክር ታስሯል፣ አንዳንዱ በፕላስተር ተጠግኗል። በሩ ሥር ባለው የመብራት ማከፋፈያ ላይ አንድ በአንድ ይሰኩት ጀመር።

«ይህ ሁሉ የማን ነው ጋሽ ፋንታ?»

«የባላገሩ ነዋ። መብራት የለውም፣ ለገበያ ሲመጣ ጥሎልኝ ይሄዳል። ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ጠዋት ይወስዳል። ምን ላድርግ፣ እምቢ ማለት አልችልበት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለዶክተር እንዳትነግሪብኝ።»

«ታዲያ ቆጣሪውን ማን ይዘጋዋል?»

ምናለ ከደጅ ሆኖ መለሰ፦ «ጋሽ ፋንታ ናቸው የሚዘጉት!»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ፋንታ። «እኔማ ከዘጋሁት ስንት ጊዜዬ!»

ዘይዳ ባለችበት ቀረች። የቢቸናው ማሽን ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፣ ሥራው ሲደርስ ይሠራል። የሞጣው ደግሞ ስምንት ሰዓት ሲሆን የለም። በየቀኑ የምታጠፋው እሷ ናት። ጠዋት ሲበራ ደግሞ ያመለጠውን ሰዓት ተመልሶ አይሠራውም፣ የሚመጣውን እሑድ ይጠብቃል እንጂ። ሳቋ መጣ። ወዲያው ግን ሳቋ ቀረ። ይህን ለዶክተር ማን ይነግራቸዋል? ጥፋቱ የእርስዎ ደንብ ነው ብሎ በምን አፍ ይነገራል? የሽማግሌውስ ነገር?

ያን ቀን የአባቷ ወዳጅ ቤት አድራ ጠዋት ዶክተር ቢሮ በር ላይ ቆመች። ልመለስ ልመለስ አላት። ግን ከተመለሰች ማሽኑ ይቆማል፣ ይነቀላል። ገባች።

«ምነው፣ ደኅና?» አሉ ዶክተር።

«ዶክተር፣ የሞጣው ማሽን አልተበላሸም» አለች። «ሥራው የታዘዘለት ለሌሊት ነው። ማታ ደግሞ እኔ አጠፋዋለሁ። ደንብ ስለሆነ።»

«ደንቡ እኮ የኔ ነው።»

«አዎ ዶክተር። የእርስዎ ነው።»

«ቢቸናስ? ቢቸና አይጠፋም እንዴ?»

ዘይዳ መሬት መሬት አየች። ልትዋሽ አልፈለገችም፣ ሽማግሌውን ልታስይዝም አልፈለገችም። «እኔ የመጣሁት ስለ ሞጣ ነው ዶክተር» አለች። «ግን ለሁለቱም ሰዓቱን ወደ ቀን፣ ወደ ምሳ ሰዓት ብናዞረው ያኔ ማሽኑ በርቶ ነው፣ የሚነካውም ሰው የለም። ማታ ቢጠፋም ባይጠፋም ለውጥ አያመጣ።» በሕይወቷ ለአለቃ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

ዶክተር ሳቅ አፈናቸው። «ፋንታ የአገሩን ስልክ እንደሚሞላ እኔ አላውቅ መሰለሽ? የእናቴም ስልክ እዚያው ነው የሚያድር። ከማሽኑ ጋር ይገናኛል ብዬ ነው ያላሰብሁ። በይ ሂጂ፣ አስተካክይው። ማሽኑም እዚያው ሞጣ ይቆይ። ለፋንታ ደግሞ ደኅና ማከፋፈያ ይገዛለታል፣ ያ የሚጠቀምበት ያስፈራል።»

ሞጣ ተመልሳ ትእዛዙን ወደ ሰኞ ቀን ሰባት ሰዓት አዞረችው። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። ሰኞ ምሳ ሳትወጣ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ሰባት ሰዓት ሞላ። ምንም የለም። ከዚያ ወፍራሙ ፋይል ተዘጋና ከሥሩ አንድ ባዶ፣ አዲስ ፋይል ብቅ አለ። ማንም አልነካውም።

ከምሳ በኋላ ይርጋነሽ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣ «ዘይድዬ፣ ሰው ተሰልፏል፣ ዛሬ ማሽንሽ ይበላል ወይስ ጠግቧል?» አለች።

«ይበላል!» አለች ዘይዳ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማ። «አምጪው፣ ስንት ካርድ አለሽ?»